የዜማ ኃይልና የሰሚው ዕዳ

ዓይን ክዳን አለው፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። ሰው ማየት የማይወደውን ነገር ዓይኑን ጨፍኖ ሊያልፈው ይችላል፤ መስማት የማይወደውን ግን እጁን በጆሮው ላይ ቢያኖር እንኳ ፈጽሞ ሊከለክለው አይችልም። ስለዚህ ድምፅ ወደ ሰው ልብ ለመግባት ፈቃድ አይጠይቅም። ከድምፅም ሁሉ ይልቅ ዜማ፥ ማለት በልክና በሥርዓት የሚወጣው ድምፅ፥ ወደ ልብ በገባ ጊዜ ባለቤቱ ሳያዝዘው እንባን ያወርዳል፥ እግርን ያነሣል፥ ቍጣን ያበርዳል ወይም ያነድዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በምን ኃይል ነው? ደግሞስ ሰው ሳይፈቅድ በልቡ ስለ ተነሣው ስሜት ምን ዕዳ አለበት? ይህ ጥያቄ የጥንት ሊቃውንትን ያስጨነቀ ነው፤ ዛሬም ገና አልተዘጋም።

የየመን ወደብ የሆነችው ዓደን ለዚህ ጥያቄ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ክሬተር የሚባለው አሮጌው ከተማዋ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቈረቈረ ስለ ሆነ፥ የሸምሳን ተራራ እንደ ጥቁር ግንብ ሆኖ ከብቦታል። ቀን በሙቀት የደከመው ሕዝብ የሚያርፈውና የሚጫወተው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ሠርግ በሆነ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፤ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ዘፋኙም ዑዱን ታቅፎ በእንግዶች መካከል ይቀመጣል። ከሰንዓ በወረደው በቆየው ልማድ ዘፋኙ የሚይዘው ቀንቡስ የሚባለውን ነበር፤ ይኸውም ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ ፊቱ በቍርበት የሚለበጥ፥ አራት ረድፍ አውታር ያለው መሣሪያ ነው። ከአጠገቡም ሌላ ሰው የመዳብ ሰሐን በሁለት አውራ ጣቶቹ ላይ አስደግፎ በቀሩት ጣቶቹ እየነካካ ያጅበዋል። ድምፁ ትልቅ አይደለም፤ ሰሚው ሁሉ ግን ጆሮውን ወደዚያ ያዘነብላል።

አሁን ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ኢትዮጵያዊ የቀን ሠራተኛ፥ ማታ ከሥራው ሲመለስ በእንዲህ ያለ ድንኳን አጠገብ ያልፋል ቢባል፥ ከእውነት የራቀ ምሳሌ አይሆንም። በየዓመቱ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ከጅቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ በጀልባ እየተሻገሩ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለማለፍ ይጓዛሉ፤ ከእነርሱም ስንቅ ያለቀበት ወይም መንገድ የተዘጋበት በዓደን ይቀራል፤ መኪና በማጠብ፥ ሸክም በመሸከም ይተዳደራል። ይህ ሰው የሚዘፈነውን የዓረብኛ ግጥም አያውቀውም። ሙሽራው ወገኑ አይደለም፤ ወደ ድንኳኑ የጠራውም የለም። ነገር ግን አውታሩ በተመታ ጊዜ እግሩ ቆመ። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያስረዝመው፥ በወሎ ገጠር የተዋት እናቱ በዓይነ ኅሊናው መጣችበት፤ የምድጃ ጢስ የጠጣው ነጠላዋ ሸተተው፤ እንባውም ወረደ። ዘፈኑ ሲያበቃ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ፥ ልቡ ቀሎት፥ ምርቃት እንደ ተቀበለ ሰው ሆኖ ወደ ማደሪያው ሄደ።

ይህ ሰው ለእናቱ ድምፁን ካሰማት ሁለት ዓመት አልፎታል። ስልክ ያልደወለላት ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚልከው ገንዘብ ስለሌለው አፍሮ ነው። በዚያች ማታ ግን ስለ እርስዋ ስላለቀሰ ዕዳውን የከፈለ መሰለው። ቀድሞ ሌሊት ሌሊት ይወቅሰው የነበረው ኅሊናው ዝም አለ፤ በማግሥቱም አልደወለም። እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። ያ እንባ ፍቅር ነበር ወይስ ፍቅርን መስሎ የተቀረጸ ሐሰተኛ ገንዘብ?

የኢትዮጵያ ሰው «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል። ተረቱ እውነት ነው። ዜማ ግን የተረቱን ሌላ ወገን ያሳያል፤ ይኸውም ከልብ ሳያለቅሱም አንዳንድ ጊዜ እንባ እንደማይገድ ነው። ሟቹን በሕይወቱ ሳለ ጠይቆት የማያውቅ ሰው፥ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ በሰማ ጊዜ ከሁሉ በላይ ሲያነባ ይታያል። ስለዚህ ሰው የራሱን እንባ እንኳ ሳይመረምር ሊያምነው አይገባም።

ይህን የዜማ ኃይል አይተው የፈሩ ብዙዎች ናቸው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን ስለ መንግሥት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ፥ የልቅሶና የመለስለስ ጠባይ ያላቸው የዜማ ዓይነቶች ከመልካሚቱ ከተማ እንዲወገዱ ተናግሯል፤ የወታደሩን ልብ ያላሉታል ብሎ ነው። በየመንም በሰሜኑ ክፍል የነገሡት ኢማም ያሕያ፥ በ1948 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) እስከ ተገደሉ ድረስ በሰንዓ ዘፈንና መሣሪያን ያሳድዱ ነበር። ባለ ቀንቡሱም መሣሪያውን በልብስ ሸሽጎ ይጓዝ፥ በተዘጋ መስኮት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘፍን ነበር። በራስዋ በዓደንም በ1920ዎቹ ዓመታት፥ የከተማው ጨዋ ሰዎች የዛር ጨዋታ እንዲከለከል ለእንግሊዝ ሹማምንት አቤት ብለዋል። ዛር ኢትዮጵያም የምታውቀው ነው፤ በቀይ ባሕር ዙሪያ ባለው ልማድ ከበሮውና ክራርን የሚመስለው ጠንቡራ በሚመታበት ጊዜ፥ ሰው አእምሮውን ለቅቆ ራሱን እስኪስት ድረስ እንደሚያጓራ የታወቀ ነው። አቤት ባዮቹ የፈሩት በከንቱ አልነበረም።

ነገር ግን ክልከላው ምን ፍሬ አፈራ? ከሰንዓ የተሰደዱት ዘፋኞች በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ወደ ነበረችው ወደ ዓደን ወረዱ። ዓደን ከ1839 ጀምሮ እስከ 1967 ድረስ በእንግሊዞች እጅ የነበረች፥ የሕንድና የሶማሌ፥ የዓረብና የኢትዮጵያ፥ የአይሁድና የፈረንጅ ነጋዴ የሚገናኝባት ወደብ ነበረች። በ1930ዎቹ መጨረሻ ኦዴዎንና ፓርሎፎን የተባሉት የሸክላ ኩባንያዎች ድምፃቸውን ቀረጹት፤ ቀጥሎም «ታጅ ዓደን» የተባለ የአገሩ ሰዎች ኩባንያ ተነሣ። በሰንዓ በሹክሹክታ ይዘፈን የነበረው በዓደን ቡና ቤት በአደባባይ ተሰማ። በመጨረሻም በ2003 ዩኔስኮ የሰንዓን ዘፈን ከዓለም የሰው ልጅ ቅርሶች አንዱ ነው ብሎ አስታወቀ። ስደቱ ዘፈኑን አላጠፋውም፤ ባሕር ዳር አደረሰው እንጂ። ይህም የሆነው የዜማ ምንጩ በአውታሩ ሳይሆን በሰው ልብ ስለ ሆነ ነው። አውታርን መበጠስ ይቻላል፤ ልብን ግን በዐዋጅ ዝም ማሰኘት አይቻልም።

ይህን ምሥጢር ከእስልምና ሊቃውንት መካከል በ1111 የሞተው አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ አስተውሎታል። እርሱ ስለ ዜማ መስማት በሰፊው ሲጽፍ፥ ዜማ በልብ ያለውን ያነቃቃል እንጂ በልብ የሌለውን አዲስ ነገር አያገባም የሚለውን ትምህርት አጽንቷል። በክርስቲያኖችም ዘንድ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ስለዚሁ ነገር ራሱን መርምሯል። በሚላኖ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ድምፅ እንዳስለቀሰውና እንደ ጠቀመው ይመሰክራል፤ ከተዘመረው ቃል ይልቅ የዘማሪው ድምፅ ልቡን በነካው ጊዜ ግን እንደ በደለ ይናዘዛል። ስለዚህ ዜማን ፈጽሞ ሊጥለው አልደፈረም፤ ፈጽሞም ሊተማመንበት አልቻለም። ሁለቱ ሰዎች በሃይማኖትም በዘመንም የተለያዩ ናቸው፤ ያዩት ግን አንድ ነገር ነው፤ ዜማ እንደ ነፋስ ነው፤ ፍሙንም ያቀጣጥላል፥ አመዱንም ያቦናል፤ እሳቱን ግን እርሱ አልፈጠረውም።

የዘመኑ የሕክምና ጥበብም ስለዚህ ነገር ጥቂት ገልጿል። በ2011 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ምርምር ያደረጉ ሊቃውንት፥ ሰው በሚወደው ዜማ ሰውነቱን ሲነዝረው፥ ዶፓሚን የተባለው በመብልና በሌላም ደስታ ጊዜ የሚፈልቀው ቅመም በአንጎሉ ውስጥ እንደሚፈልቅ አስረድተዋል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ያ ቅመም ደስ የሚያሰኘው የዜማ ክፍል ከመድረሱ በፊት፥ ሰሚው በሚጠባበቅበት ጊዜ ደግሞ መፍለቁ ነው። በ2013 ደግሞ በስዊድን በጎተንበርግ የተደረገ ምርመራ፥ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች ትንፋሻቸውን በአንድነት ስለሚወስዱ የልባቸው ምት በአንድነት ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። እንግዲህ ማኅበር «በአንድ ልብ ዘመረ» ሲባል፥ ቃሉ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የሥጋም እውነት ነው ማለት ነው።

ዜማ ከዘማሪው ከራሱ አንደበት ሲሰማ ከሸክላና ከስልክ ከሚሰማው ይልቅ ለምን እንደሚበረታ ከዚህ ማስተዋል ይቻላል። በሸክላ ውስጥ ያለው ዘፋኝ ሰሚውን አያየውም፤ ሰሚው ቢያለቅስ ድምፁን አያረዝምለትም፤ ሰሚውም በሰለቸ ጊዜ በመካከል ያቋርጠዋል። ዓደን በ1954 የራስዋን የሬድዮ ጣቢያ ስታቆም ዘፋኞችዋ በየቤቱ ገቡ፤ ዛሬም ስልክ በየኪሱ ይዘፍናል። ይህ በጎ ነገር ነው፤ የሞቱትን ድምፅ ጠብቆልናልና። ነገር ግን በድንኳኑ ውስጥ ዘፋኙ የሚቀመጠው በሰሚዎቹ ፊት ነው፤ ላቡ ይታያል፤ ትንፋሹ ሲያጥር ይሰማል፤ ይሳሳት ይሆናል ተብሎ ይፈራለታል። ሰሚውም በዘፋኙና በጎረቤቱ ፊት ስለሚቀመጥ፥ ስሜቱ የብቻው አይደለም፤ ምስክር አለበት። በእንዲህ ያለ ቦታ የሰማ ሰው ከሰማው ነገር ጋር እንደ ተዋዋለ ይቈጠራል። ስለዚህም ዕዳው ይበዛበታል።

ዓደንን ከኢትዮጵያ የሚለያት ባሕር ጠባብ ነው፤ ታሪካቸውም ከጥንት የተያያዘ ነው። ከኢዛና ዘመን ጀምሮ፥ በአራተኛው መቶ ዓመት፥ ቴዎፍሎስ የተባለው መልእክተኛ ከንጉሥ ቍስጠንጢዮስ ተልኮ በዓደን ቤተ ክርስቲያን እንደ ሠራ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊዎች ይናገራሉ። በ525 ገደማም ንጉሥ ካሌብ ስለ ናግራን ሰማዕታት ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከሒምያር ንጉሥ ጋር ተዋግቷል። የካሌብ ልጅ ገብረ መስቀል በነገሠ ጊዜ ደግሞ፥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፥ የዜማ ሁሉ አባት የሆነው ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ተነሣ። ስለ ዜማ ኃይል በኢትዮጵያ ምድር ከተነገረው ሁሉ የሚበልጠውም ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ፥ በንጉሡና በካህኑ መካከል የሆነው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ያሬድ በአክሱም ጽዮን ቆሞ ሲዘምር፥ ንጉሡ ጦሩን ተደግፎ ያዳምጠው ነበር። ዜማው ንጉሡን ከራሱ አወጣው፤ ሳያውቅም የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። ያሬድም እንደ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ስለ ነበር መወጋቱን አላወቀም፤ ዜማውን ሳያቋርጥ ፈጸመ። ካበቃ በኋላ ንጉሡ ያደረገውን አይቶ እጅግ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቅሎ «ስለ ፈሰሰው ደምህ ዋጋ የምትወደውን ሁሉ ለምነኝ» የሚል ነገር ነገረው። ያሬድም አስቀድሞ እንዳይከለክለው ካስማለው በኋላ፥ ወደ ገዳም ሄዶ እንዲመነኵስ እንዲያሰናብተው ለመነው። ንጉሡ በዚህ ጊዜ አዘነ፤ መኳንንቱም አዘኑ። ነገር ግን መሐላውን ፈርቶ ለቀቀው። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ዘመኑን በዚያ ፈጸመ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደንቀው የእግሩን መወጋት ነው። የዜማው ትልቅነት የታወቀው ግን በዚያ ብቻ አይደለም። ራስን መሳት በዛርም፥ በስካርም፥ በንዴትም ይገኛል። ንጉሡ በእውነት በዜማው እንደ ተነካ የታወቀው፥ ዜማው ካለቀ በኋላ በሠራው ሥራ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ያን ድምፅ ዳግመኛ እንዳይሰማው ሆኖ ሳለ፥ ቃሉን ጠብቆ ዘማሪውን ለቀቀው። ያሬድን በአጠገቡ ይዞ በየዕለቱ ቢያስዘምረው ጆሮው ደስ ይለው ነበር፤ ግን የዜማው ወዳጅ ሳይሆን የዜማው ባለርስት በሆነ ነበር።

ከዚህ ታሪክ አጠገብ ሌላ የንጉሥ ጦር አለ። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈ፥ ንጉሥ ሳኦል ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው ነበር። ሳኦል ያርፍ ነበር፤ ደኅናም ይሆን ነበር። ሐኪምም ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ አያደርግለትም። ነገር ግን በምዕራፍ 18ና በምዕራፍ 19 እንደሚነበበው፥ ያው ዳዊት ያንኑ በገና በእጁ ይዞ ሲደረድር፥ ያው ሳኦል ከግንቡ ጋር ሊያጣብቀው ጦሩን ወረወረበት። በገናው አልተለወጠም፤ ደርዳሪውም አልተለወጠም፤ ጣቶቹም ያው ነበሩ። በሳኦል ልብ ግን ቅንዓት ገብቶ ነበር፤ ሴቶቹ ከእርሱ ይልቅ ዳዊትን እያመሰገኑ ከዘፈኑ ወዲህ የወዳጅነት ዓይን አላየውም። ስለዚህ ሳኦልን ያቈሰለውም ዘፈን፥ ሊፈውሰው ያልቻለውም በገና ነው።

እነሆ ሁለት ነገሥታት፥ ሁለት ዘማሪዎች፥ ሁለት ጦሮች። ሁለቱም ነገሥታት በዜማ ተነክተዋል። አንዱ ሳያውቅ ወጋ፥ ዐውቆም ለቀቀ፤ ሌላው ዐውቆ ወረወረ፥ ሊለቅም አልወደደም። ሳኦል ዜማውን እንደ መድኃኒት ብቻ ተጠቀመበት፤ ሕመሙን አስታገሠለት፥ ሕመሙን ያመጣውን ነገር ግን አልነካበትም፤ እርሱም አላስነካም። በየጊዜው በመጣው ዕረፍት ምክንያት ራሱን ሳይመረምር ቀረ። መጽናናት ለንስሓ ጊዜ መስጠት ሲገባው፥ የንስሓን ቦታ ያዘ።

ነቢያትም ይህን አውግዘዋል። በነቢዩ በአሞጽ አፍ እግዚአብሔር የዝማሬን ጩኸትና የመሰንቆን ድምፅ አልሰማም ያለው፥ ዜማውን ጠልቶ ሳይሆን ፍርድና ጽድቅ ከአደባባዩ ስለ ጠፉ ነው። ለሕዝቅኤል የተነገረው ደግሞ ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው፤ ሕዝቡ ነቢዩን ድምፀ መልካም ዘፋኝን እንደሚሰሙ እየሰሙት፥ ቃሉን ግን እንደማያደርጉት ገልጾለታል። በትንቢት የተነገረ ተግሣጽ እንኳ በጆሮ ጣዕም ብቻ ከተሰማ ዘፈን ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ዜማን በመጥላት ከዚህ አደጋ የሚያመልጥ የለም፤ ስብከትንም፥ ቅኔንም፥ የጻድቃንን ገድልም እንደ ዘፈን ሰምቶ መሄድ ይቻላልና።

እንግዲህ «ስሜት ከንቱ ከሆነ፥ ዜማ ለምን ተሰጠ?» የሚል ጠያቂ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ስሜት ከንቱ አይደለም የሚል ነው። የደረቀ መሬት ዝናም ሳይነካው አይታረስም፤ የደነደነ ልብም ሳይለሰልስ ትምህርት አይገባውም። ዝናሙ ግን እርሻ አይደለም። ዝናም ስለ ዘነመ ብቻ እህል የሚጠብቅ ገበሬ አረም ያጭዳል፤ ይልቁንም ዝናም ባገኘ መሬት ላይ አረሙ ይበረታል። ዜማ ልብን የሚያለሰልስበት ጊዜ አጭር ነው፤ ያች ጊዜ ሳታልፍ ዘር የዘራ ሰው ይጠቀማል።

አባቶች የማኅሌትን ሥርዓት ሲሠሩ ይህን ያወቁ ይመስላል። ሊቃውንቱ ቃሉን በመጀመሪያ በቁም ዜማ፥ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ይሉታል፤ ጆሮ ከመሞቁ በፊት አእምሮ ቃሉን እንዲይዝ ነው። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዘነበሉ ይደግሙታል። ከዚያ በኋላ መረግዱ፥ ከበሮውና ጸናጽሉ በዝግታ ይገባሉ፤ ጽፋቱም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በጽፋት የሚጀምር ማኅሌት የለም። ከበሮውም ባዶ መሣሪያ አይደለም፤ የለበሰው ጨርቅና የተወጠረበት ጠፍር የጌታን መከራ እንዲያሳስቡ ተደርገው ይተረጐማሉ። በዚህ አኳኋን ደስታው ሲበረታ የደስታው ዋጋ አብሮ ይታያል። ዘማሪውም ቢሆን አንድ ማታ ልቡ ስለ ተነካ ወደ መካከል አይገባም፤ በጋይንት ቤተልሔምና በሌሎችም ጉባኤ ቤቶች እየለመነ፥ እየተራበ፥ ድጓን አያሌ ዓመት ተምሮ ነው። ስሜቱ በትዕግሥት ተቀጥቶ ያደገ ስለ ሆነ፥ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አይዝልም።

የዐቢይ ጾም ጊዜ የሚደረደረው በገናም በሌላ መንገድ ይህንኑ ያስተምራል። ዐሥሩ አውታሮቹ በእንዚራው ላይ ሲንቀጠቀጡ የሚሰጡት ድምፅ ዝቅ ያለና ጐርናና ነው፤ ደርዳሪውም አይጮኽም። እግርን አያነሣም፥ እጅንም አያስጨበጭብም። ሰሚው ሲሰማው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ የሚያገኘውም ራሱን ነው። ከራሱ ጋር ከተገናኘ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ግን በገናው አይወስንለትም።

በዓደን ድንኳን አጠገብ ቆሞ ያለቀሰው ሰው እንግዲህ ሊወቀስ የሚገባው ስለ ማልቀሱ አይደለም። ሳይፈቅድ ስለ መጣበት እንባ ማንም ዕዳ አይጽፍበትም። በዘፋኙም አይፈረድም፤ እርሱ ስለ ሙሽራው ዘፈነ እንጂ ስለዚህ ሰው እናት የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ይልቁንም ያ ባዕድ ዘፈን ውለታ ውሎለታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተዘጋውን በር ከፍቶለታል። ዕዳው የሚጀምረው አውታሩ ዝም ካለ በኋላ፥ ድንኳኑን አልፎ ወደ ማደሪያው በሚሄድባት በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው። እናቱ ገንዘብ አልጠበቀችም፤ ልጅዋ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ትጠባበቅ ነበር። ያለ ገንዘብ የሚደወል ስልክ ያሳፍራል፤ ያ ኀፍረት የእርሱ ጦር ነው። ጦሩን ነቅሎ እንደ ገብረ መስቀል ሊጥለው፥ ወይም እንደ ሳኦል በእጁ ይዞ ሌላ ዘፈን ሊጠብቅ ይችላል።

ለመሳለም የሚሄድ መንገደኛም በቅዱሳት ቦታዎች ብዙ ዜማ ይሰማል፤ በብዙ ልሳን የሚዘመረውን፥ ቃሉን ያላወቀውን ሁሉ እየሰማ ያለቅሳል። ያልቅስ፤ እንባ ከእግዚአብሔር ነውና። ወደ ማረፊያው በተመለሰ ጊዜ ግን፥ ከመተኛቱ በፊት፥ በዜማው መካከል ማን እንደ ታሰበው ራሱን ይጠይቅ። የተጣላው ወንድም ነው? ደመወዙን ያስቀረበት ሠራተኛ ነው? ወይስ ሳይጠይቃት የቀረች እናት? በዜማው ጊዜ በልቡ ፊት የቆመው ያ ሰው፥ በማግሥቱ በእግሩ ሊፈልገው የሚገባው ሰው ነው።